መጀመሪያ ውሃ ይሞላ፣ ከዚያ ከስር ይታይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ስድስት ዓመት ኡበር ስነዳ ቆየሁ፣ አሁን የራሴን ሥራ መጀመር እፈልጋለሁ። ያሰብኩት የቤት ግድግዳ፣ ድራይቭዌይና የሱቅ ደጃፍ በግፊት ውሃ ማጠብ ነው። አንድ ሰው ሁሉም ነገር የተገጠመለት የሥራ ትሬለር እየሸጠ ነው። 275 ጋሎን የሚይዝ ሮቶ አለው፣ የሆንዳ ሞተር ያለው ማሽን አለው፣ ሁለት የቱቦ መጠቅለያም አለው። 8,500 ዶላር ነው ያለኝ። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ሲያዩት ያምራል። ሞተሩን አስነስቶ አሳየኝ፣ ውሃው በጣም ኃይለኛ ነው። ስለ ትሬለር አሠራር ግን ምንም አላውቅም። በደንብ የተሠራውን ከለብ ለብ ሥራ በምን ልለየው? የምጎትተው በቶዮታ ሲዬናዬ ነው። ፎቶውን አያይዣለሁ። ቅዳሜ ገንዘቡን ይዤ ልሄድ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅዳሜ ሂድ፤ ገንዘቡን ግን ቤት ተወው። በምትኩ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔት፣ ካቻቢቴና መሬት ላይ የምታነጥፈው አሮጌ ብርድ ልብስ ያዝ። ከትሬለሩ ስር ትተኛለህ።

ሞተሩ መነሳቱ ጥሩ ነው። ግን ሞተር ቢበላሽ ይቀየራል። ፓምፕም እንደዚያው፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የማይቀየረው ሻንሲው ነው። አብዛኛው ገዢ ከላይ ጀምሮ ያያል፣ የሚያብረቀርቀውን አይቶ ልቡ ከተሸነፈ በኋላ ስሩን ማየት ትዝ አይለውም። አንተ ከታች ጀምር።

ከብረቱም በፊት ግን ሒሳብ እንሥራ። አንድ ጋሎን ውሃ 8.34 ፓውንድ ይመዝናል። 275 ጋሎን ማለት ወደ 2,300 ፓውንድ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ10 ኩንታል በላይ ማለት ነው። በፎቶው እንዳየሁት ትሬለሩ ባለ አንድ አክስል ነው። እዚህ አሜሪካ ብዙዎቹ ባለ አንድ አክስል ትሬለሮች ላይ የሚለጠፈው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት 2,990 ፓውንድ ነው። ቁጥሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። በብዙ ስቴቶች ክብደቱ 3,000 ሲደርስ ትሬለሩ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፣ ስለዚህ ፍሬን የሌለውን ከዚያ በታች አድርገው ይለጥፉታል። አክስሉ ራሱ 3,500 ፓውንድ የሚችል ሊሆን ይችላል፤ የተፈቀደልህ ግን የተለጠፈው ነው።

አሁን ደምር። ባዶው ትሬለር 900 ፓውንድ ገደማ ነው እንበል። ውሃው 2,300። ማሽኑ፣ ባዶው ሮቶ፣ መጠቅለያዎቹ፣ ቱቦው፣ ቤንዚኑና የምትጭነው ዕቃ ሌላ 500 ወይም 600 ይሆናል። በድምሩ 3,700 ወይም 3,800 ላይ ደረስክ። ከተለጠፈው በላይ ነው። ከፊሉ መጎተቻው ላይ ቢያርፍም፣ አክስሉም የሚችለው ጫፍ ላይ ተጠግቷል። ሲዬና ቢበዛ መጎተት የምትችለው ደግሞ 3,500 ነው፣ ያውም መጎተቻው በትክክል ከተገጠመላት። ስለዚህ የዚህ ትሬለር ብየዳ እንከን ባይወጣለት እንኳ ሮቶው ሲሞላ ላንተ መኪናም ለራሱ ለትሬለሩም ከበደ ማለት ነው። አንድ ሰው ትሬለር ሲሠራ ይህን ሒሳብ ካልሠራ፣ ሌላውንም ነገር በግምት ነው የሠራው ብዬ እጠረጥራለሁ። ለእኔ የመጀመሪያው የጥራት ፈተና ይሄ ነው።

የተለጠፈውን ወረቀት የምታገኘው በግራ በኩል፣ ከፊተኛው ግማሽ ላይ ነው። ቁጥሩን ከታይትሉ ጋር አመሳክር፤ ታይትል ስል አገር ቤት ሊብሬ የምንለውን ነው። ወረቀቱ ከሌለ ወይም ቀለም ተቀብቶበት ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቅ። ሰውየው መልሱን ሲያንዛዛው ካየህ ብርድ ልብስህን ሳታነጥፍ ተመለስ።

መልሱ ካጠገበህ ሮቶውን እስከ አፉ እንዲሞላልህ ለምነው። ባዶ ትሬለር ሁሉ ደህና ይመስላል። ሲሞላ ነው አክስሉ የሚጎብጠው፣ ባሌስትራው የሚተኛው፣ ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋር የሚጠጋው። ሲሞላ ነው ሮቶው የሚያንጠባጥበው። አምስት ሜትር ራቅ በልና ከጎን ተመልከተው። መሐሉ ወደ ታች ለጠጥ ብሏል? አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሏል? ቀና ካለ ክብደቱ ከአክስሉ ወደ ኋላ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ትሬለር ሃይዌይ ላይ ጭራውን ማወዛወዝ ይጀምራል፣ ከዚያ መኪናህን ይዞህ ይሄዳል። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። የሚያውቅ ሰው የሠራው ከሆነ ሮቶውን ከአክስሉ በላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ታገኘዋለህ።

አሁን ከስር ግባ። አንድ ነገር አደራ፣ በክሪክ ብቻ ቆሞ ከሆነ እንዳትገባ። ጎማው መሬት ይዞ፣ ታኮ ተደርጎለት፣ መኪና ላይ እንደተያያዘ ነው መግባት ያለብህ።

መጀመሪያ የምታየው የመጎተቻው ክንዶች ከፊተኛው ተሸካሚ ብረት ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ነው። የትሬለር ጉልበት ሁሉ እዚያ ነው የሚያርፈው፣ ስንጥቅም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጥሩ ብየዳ እንደ ሽሩባ ነው፤ ጉንጉኑ እኩል ነው፣ ሁለቱንም ብረት ነክሶ ይዟል፣ ጠርዙ ላይ ቦይ የለውም። መጥፎ ብየዳ ደግሞ እንደ ሻማ ጠብታ ከላይ ጉብ ብሎ የተቀመጠ ነው። ብረቱ ላይ አርፏል እንጂ ውስጥ አልገባም። ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው ብዙ ጊዜ በያጁ ዝገቱን ወይም ቀለሙን ሳያጸዳ ነው የበየደው። በብየዳው ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለች፣ ክር የምታህል የዝገት መስመር ካየህ ደግሞ ቀለም የተላጠ እንዳይመስልህ። ስንጥቅ ነው።

ማግኔቱን ያስያዝኩህ ለዚህ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን ትሬለር የገዛሁት ልክ እንዳንተው በቀለሙ ተማርኬ ነው። በአራተኛው ወር አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ልወጣ ስል አፍንጫው ወደ መሬት አጎንብሶ አገኘሁት። ቀለሙን ስፍቀው ከስሩ ስቱኮ ወጣ። የሸጠልኝ ሰው ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ፣ ሞርዶ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶበት ነበር። ያን ቀን ሃይዌይ ላይ ብሆን ኖሮ ከኋላዬ የሚመጣው ሰው ምን ይሆን ነበር እያልኩ አሁንም ይረብሸኛል። ስለዚህ ማግኔቱን በብየዳዎቹ ዙሪያ አስኪደው። ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ስቱኮ ላይ ይላላል። አዲስ ቀለም ያለው አሮጌ ትሬለር ሁሉ ተንኮል አለበት ማለቴ አይደለም። ግን ሰውየው ቀለም ሳይቀባ በፊት ያነሳው ፎቶ ካለው ይዞት እንዲመጣ ጠይቀው፣ ሥራውን አምኖበት የሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ፎቶ አለው።

ቀጥለህ ባሌስትራው የተንጠለጠለባቸውን ጆሮዎች እይ። ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ጎን ዳግም የተበየደ ከሆነ ወይ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል፣ ወይ ተጋጭቷል። ከዚያ ተሸካሚ ብረቶቹን ቁጠር፣ በመሐላቸው ያለውን ርቀትም ለካ። ውሃ ለሚሸከም ወለል በየ16 ኢንቹ አንድ ብረት ቢኖር ደስ ይለኛል። በየ24 ኢንቹ የተሠራው ሣር ማጨጃ ለመጫን ነው የታሰበው። ሻንሲው ከአንግል ብረት ከሆነ ለቀላል ሥራ ይሆናል፣ ለሮቶ ግን ውፍረት ያለው ቱቦላሬ ወይም ዩ ብረት ይሻላል፣ አንግል ጠመም ብሎ የመዞር ባህርይ አለውና። ቱቦላሬ ከሆነ ጫፎቹ መዘጋታቸውን አረጋግጥ። ክፍት ከሆኑ ውሃ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጭ ምንም አታይም። በካቻቢቴው እጀታ መታ መታ አድርገህ ድምፁን ስማ። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተበላው ግን ድፍን ድምፅ ነው የሚያሰማው። እዚህ እኛ አካባቢ ክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን ይሄን ቸል አትበል።

ሮቶው በምን እንደታሰረ ተመልከት። ማሰሪያው በቡሎን ከሻንሲው ብረት ጋር መያያዝ አለበት፣ ከጣውላው ጋር አይደለም። ማሽኑም እንደዚያው። ጣውላ ላይ በእንጨት ብሎን የተያዘ ሞተር ካየህ፣ ንዝረቱ ጣውላውን እያሰፋ በአንድ በጋ ውስጥ ያላቅቀዋል። ዳዶው የማይላላው ዓይነት፣ ውስጡ ናይሎን ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ሮቶው ውስጥ ውሃውን የሚከፋፍል ግድግዳ ካለው ትልቅ ነገር ነው። ከሌለው፣ ግማሽ ድረስ ሞልተህ ፍሬን ስትይዝ ውሃው ተንዶ ከኋላ ይገፋሃል። ስለዚህ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ አድርገህ ነው የምትጓዘው። ከታች መውጫው ዙሪያ በባትሪ አብራበት፤ ፀሐይ ያደረቀው ፕላስቲክ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው።

ጎማው ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ቢል በ2019 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አምስት ስድስት ዓመት ያለፈውን የትሬለር ጎማ አትመነው፣ ዋጋው ላይ ቀንስበት። ኩሽኔታውን ለማወቅ ሰውየው በክሪክ ያንሳልህና በእጅህ አዙረው። መንኮርኮርና ወዲያ ወዲህ መንገጫገጭ ካለ ግራሶ ሳያገኝ ነው የከረመው።

ማሽኑን በአጭሩ ልንገርህ። ፓምፑ በቤልት የሚዞር ከሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ዕድሜው ይረዝማል። ቀጥታ ሞተሩ ላይ የተሰካው ከሞተሩ እኩል፣ በደቂቃ ወደ 3,400 ዙር ስለሚሽከረከር ቶሎ ያረጃል። የፓምፑን ዘይት እይ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ጓርኒሲዮኖቹ፣ ማለትም ውሃ እንዳያልፍ የሚያግዱት ጎማዎች፣ አልቀዋል። ከሮቶው ወደ ፓምፑ የሚገባው ቱቦ ከፓምፑ አፍ የቀጠነ መሆን የለበትም፣ አለዚያ ፓምፑ ውሃ ተርቦ አየር ይስባል፣ እየተንኳኳ ውስጡን ይበላል። የውሃ መርጫውን እጀታ ስትለቅ ደግሞ ትርፉ ውሃ የት እንደሚሄድ ተከተል። ወደ ሮቶው የሚመለስ ከሆነ የሠራው ሰው ያስባል። እዚያው ፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከር ከሆነ ውሃው በጥቂት ደቂቃ ይግላል፣ ጓርኒሲዮኑን ያቃጥላል። አስነስቶ ሁለት ደቂቃ ማሳየት ምንም አይነግርህም። ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይሥራ። የፓምፑን ጭንቅላትም አይተህ ሂድ፣ በክረምት ውሃ ውስጡ ቀዝቅዞ የሰነጠቀው ፓምፕ በፀደይ ገበያ ላይ ይወጣል።

ሽቦውን ከመብራቱ ጀምረህ ተከተል። ባዶ ሽቦ በፕላስተር የተጠቀለለበት ቦታ ሁሉ ነገ የምትቆምበት ነው።

እንግዲህ ምን ታድርግ? እኔ ብሆን ይህን አልገዛም። ለቤት እጥበት 275 ጋሎን አያስፈልግህም። የሰው ቤት ስታጥብ የሰውየውን ቧንቧ ነው የምትጠቀመው። ማሽንህ በደቂቃ 4 ጋሎን የሚወስድ ከሆነ የአብዛኛው ቤት ቧንቧ ይበቃዋል፣ ሮቶው መጠባበቂያ ብቻ ነው። 100 ጋሎን 834 ፓውንድ ነው፣ ትሬለሩም ሲዬናህም ይችሉታል። በደቂቃ 8 ጋሎን የሚወስደው ትልቁ ማሽን ነው ትልቅ ሮቶ የሚፈልገው፣ እሱን ደግሞ ባለ ሁለት አክስል፣ ፍሬን ያለው ትሬለርና ፒክአፕ ስትገዛ ታስብበታለህ። ሰውየው ማሽኑንና መጠቅለያዎቹን ለብቻ ቢሸጥልህ ጠይቀው። ምንም ብትገዛ፣ የመጀመሪያ ቀን እንደ ሥራ ቀን ጭነህ ትራክ ስቶፕ ላይ ካት ስኬል አስመዝነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ከእኛ ሰው ትራክ የሚነዳ ጓደኛ አታጣም፣ እሱ ያሳይሃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር የጣሪያና የግድግዳ እጥበት እንሠራለን። ትሬለራችን ከተገዛ ሁለት ዓመት አልሞላውም፣ ግን የኋላው ብረት በዝገት እየተላጠ ነው፣ የማሽኑ ብረታ ብረትም ጠቁሯል። የሸጡልን ሰዎች አጠቃቀማችሁ ነው ይላሉ። አሠራሩ ነው ወይስ እኛ ነን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ጣሪያ የሚታጠብበት በረኪና ሱቅ ውስጥ የምናገኘው የቤት በረኪና አይደለም። 12.5 በመቶ ድረስ ይደርሳል፣ ከቤቱ እጥፍ ገደማ ነው። ትነቱ ብቻውን ብረት ይበላል። ዚንክ የተነከረውንም፣ አልሙኒየሙንም፣ አይዝግም የሚባለውን ስቲል እንኳ አይምርም።

አሠራሩን የምታውቂው በዚህ ነው። የበረኪናው ታንከር ከማሽኑ ፊት ከተቀመጠ ስህተቱ የሠሪው ነው፣ ስትነዱ ነፋሱ ትነቱን ሞተሩ ላይ ይነዛዋል። ቦታው ኋላ፣ ከማሽኑ ርቆ ነው። ክዳኑ በጓርኒሲዮን ጥብቅ ብሎ መዘጋት አለበት። የበረኪናው መስመር ሁሉ ፕላስቲክ መሆን አለበት፣ አንዲት የነሐስ ማያያዣ ካለች እዚያ ጋር ነው የሚፈሰው። ከስሩ የፈሰሰውን የሚቀበል ገበቴ ቢኖረው ደግሞ እንዴት ደስ ባለኝ።

የእናንተ ድርሻ ማታ ማታ ማጠብ ነው። ቱቦውን በንጹሕ ውሃ አስኪዱት፣ ሻንሲውንም ከስር ጭምር አጥቡት። የተላጠውን አሁኑኑ ፍቃችሁ ቀለም አስቀቡ፣ ከመቀባቱ በፊት ግን ብየዳዎቹን በሚገባ እዩ። ለኮንክሪት ወይም ለጡብ አሲድ የምትጠቀሙ ከሆነ እባክሽ ከበረኪናው ጋር በአንድ ትሬለር ላይ አታድርጉት። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል፣ ይገድላል። ባለቤትሽንም ይህን አንብቢለት።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፍልዎ። ላቫጆ አለኝ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶ ሞልቼ፣ ማሽኑን ተሳቢ ላይ አድርጌ ደንበኛ ያለበት ድረስ ሄጄ ማጠብ አስቤያለሁ። ሰፈር ያለ በያጅ በቱቦላሬ እሠራልሃለሁ ብሎኛል። ያዋጣኛል?

መልስ፦ ሐሳብህ ጥሩ ነው። ግን ቱቦላሬው የትኛው እንደሆነ ጠይቀው። ለበርና መስኮት የሚሸጠው ስስ ነው፣ ለዚህ አይሆንም። 1,000 ሊትር ውሃ ብቻውን 10 ኩንታል ነው፣ ያውም የሚንቀሳቀስ 10 ኩንታል። ዋናው ሻንሲ ዩ ብረት ይሁን፣ ቱቦላሬውን ለላይኛው አጥርና ለማሽኑ መቆሚያ ተጠቀምበት። ሮቶ ደግሞ የተሠራው ቆጥ ላይ ቆሞ እንዲኖር ነው፣ ለመንገድ አይደለም። ስለዚህ ስሩ ሙሉ ላሜራ ይነጠፍለት፣ ወገቡ ላይ በሁለት ቦታ ይታሰር፣ ረጅሙን ትተህ ዝቅ ያለውን ሰፊውን ግዛ። 500 ሊትር ብትጀምር እመርጣለሁ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬንህ ያመሰግንሃል። አክስሉንና ባሌስትራውን ከአሮጌ መኪና ካወጣችሁ ጥንድ ሆኖ ከአንዱ መኪና ይውጣ፣ ግራና ቀኙ አይለያይ።

ከበያጁ ጋር ስትዋዋል አንድ ነገር አስገባ። ብየዳው አልቆ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ይደውልልህ፣ ሄደህ በዓይንህ እየው፣ ቀሪውን ክፍያ ያኔ ስጠው።